ዋልተር ታል፦ ስለ ሜዳሊያው፣ ስለ "የመጀመሪያው" እና ለልጆች ስለሚነገረው ታሪክ

ጥያቄ፦ "ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ታዳጊዎችን ኳስ አሠለጥናለሁ። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 16 ነው። በኦክቶበር፣ በጥቁሮች ታሪክ ወር፣ ስለ ዋልተር ታል ዝግጅት ልናቀርብ አስበናል። ያነበብኩት እንዲህ ይላል፦ በእንግሊዝ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነው፤ በብሪታንያ ጦር የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን ነው፤ ብሪስቶል ላይ ስለተሰደበ ቶተንሃም ሸጠው፤ በሶም ጦርነት ሞተ፤ በቀለሙ ምክንያት ሜዳሊያ ተከለከለ። ሜዳሊያው እንዲሰጠው ፊርማ እናሰባስብ የሚሉ ወላጆችም አሉ። ምን ያህሉ ትክክል ነው? ፊርማውስ ያዋጣል?"

ምላሽ፦ ከዘረዘሯቸው አምስት ነጥቦች ሁለቱ ስህተት ናቸው። አንዱ ሁለት ዘመቻዎችን ያቀላቅላል። የቀሩት ሁለቱ መነሻቸው እውነት ነው፤ ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው አልፈው ሄደዋል። ፊርማውን በተመለከተ፣ ዝግጅታችሁን በሜዳሊያው ዙሪያ አትገንቡት። ለምን እንደምል ወደ በኋላ አስረዳለሁ። አስቀድሞ ግን የሰውየውን ሕይወት በቅደም ተከተል ማየት ይሻላል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው መካከሉን ዘሎ ከቶተንሃም በቀጥታ ወደ ምሽግ ከመሄድ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋልተር ዳንኤል ጆን ታል ኤፕሪል 28 ቀን 1888 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በባሕር ዳር ከተማዋ ፎክስተን ተወለደ። አባቱ ዳንኤል ከባርቤዶስ የመጣ ጥቁር አናጺ ነው። አያቱ በዚያች ደሴት በባርነት የኖሩ ሰው ነበሩ። እናቱ አሊስ ነጭ፣ የኬንት ልጅ ነች። ዋልተር ሰባት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች። አባቱ የእሷን ዘመድ ክላራን አገባ። ብዙም አልቆየ፤ በ1897 መጨረሻ እሱም ሞተ። ክላራ ያን ሁሉ ልጅ ብቻዋን ማሳደግ አቃታት። ስለዚህ በ1898 ዋልተርና ታላቅ ወንድሙ ኤድዋርድ ምሥራቅ ለንደን ቤትናል ግሪን ወደሚገኝ የሜቶዲስቶች የሕፃናት ማሳደጊያ ተላኩ።

እዚያም ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው አልቆዩም። ኤድዋርድ በማሳደጊያው መዘምራን ውስጥ ነበር። መዘምራኑ እየዞሩ ሲዘምሩ አንድ የግላስጎው ቤተሰብ አየውና ልጅ አድርጎ ወሰደው። ኤድዋርድ ስኮትላንድ አደገ፤ ተምሮ የጥርስ ሐኪም ሆነ። ዋልተር ማሳደጊያው ቀረ፤ የማተሚያ ቤት ሙያ ተማረ። ይህን ክፍል ለልጆቹ ሲነግሩ አይዝለሉት። በቡድንዎ ውስጥ በዘመድ እጅ ያደገ ልጅ አይጠፋም። ወንድሙ ሌላ አገር የቀረበትም ሊኖር ይችላል። እንዲህ ላለው ልጅ ይህ ክፍል ከማንኛውም ጎል ይበልጣል። በኋላ ዋልተር ሲሞት የሐዘን ደብዳቤው የተጻፈው ለዚሁ ለኤድዋርድ ነው። መለያየታቸው አላቆራረጣቸውም።

ኳሱ የጀመረው በአማተርነት ነው። በ1908 ክላፕተን ለሚባለው የለንደን ክለብ መጫወት ጀመረ። በዚያ አንድ የውድድር ዓመት ክላፕተን የአማተሮችን የኤፍ ኤ ዋንጫ ጨምሮ ሦስት ዋንጫ ወሰደ። በ1909 ቶተንሃም ጠራው። ከክለቡ ጋር አርጀንቲናና ኡራጓይ ተጉዞ ተጫወተ፤ ፕሮፌሽናል ሆኖም ፈረመ። የፊርማው 10 ፓውንድ፣ ደመወዙ በሳምንት 4 ፓውንድ ነበር። ያ 4 ፓውንድ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ለማንም ተጫዋች የተፈቀደው ከፍተኛው ደመወዝ ነው።

አሁን ወደ "የመጀመሪያው" እንምጣ። ታል የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል አይደለም። ያ ስም የሚሰጠው ለአርተር ዋርተን ነው። ዋርተን በ1865 አክራ፣ በዛሬዋ ጋና የተወለደ ግብ ጠባቂ ነው። ታል ገና ሕፃን ሳለ ዋርተን በሮዘራም በፕሮፌሽናልነት ይጫወት ነበር። ከሁለቱም በፊት ደግሞ በብሪቲሽ ጊያና የተወለደው አንድሩ ዋትሰን አለ። በ1881 የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኖ ለንደን ላይ እንግሊዝን 6 ለ 1 ያሸነፈ አማተር ነው። ይህን ለልጆች መንገር ታልን አያሳንሰውም። እንዲያውም ጥቁሮች በዚህ አገር እግር ኳስ ውስጥ ከጅምሩ እንደነበሩ ያሳያቸዋል። ሰዎች "የመጀመሪያው" የሚለውን ቃል የሚወዱት በአንድ ሰው ስም ሁሉንም መጨረስ ስለሚያስችል ነው። ሌሎቹን ግን ያስረሳል፤ የማልወደውም ለዚህ ነው።

ቶተንሃም ያኔ ገና ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ያደገ ክለብ ነበር። ታል በሴፕቴምበር 1909 ከሰንደርላንድ ጋር ጀመረ። በዚያው ወር በሜዳቸው ማንቸስተር ዩናይትድን ሲገጥሙ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። ዩናይትድ የዚያ ዓመት የኤፍ ኤ ዋንጫ ባለቤት ነበር። የለንደን ጋዜጣ ስለ ታል ሲጽፍ ያደነቀው እርጋታውን ነው። ኳሱን ከመስጠቱ በፊት ተከላካዩ እስኪሳሳት ለቅጽበት መጠበቁን፣ የቅብብሉን ልክ አለመሳቱን ጻፈ። ለተጫዋቾችዎ ሥዕል ይሁንላቸው፦ ታል የሚሮጥና የሚጋፋ አጥቂ አልነበረም፤ አስቦ የሚጫወት ነበር።

ከዚያ ኦክቶበር መጣ፤ ብሪስቶል ሲቲ ሜዳ። ፉትቦል ስታር የተባለው ጋዜጣ የዘገበው ነው። የተመልካቹ አንድ ክፍል ታል ላይ ስድብ አዘነበበት። ጋዜጠኛው ስድቡን ለንደን ውስጥ በአፈ ብልግና ከታወቀው ከቢሊንግስጌት የዓሣ ገበያ ቋንቋ የከፋ ብሎታል። ወደ ሃያ ሺህ ከሚጠጋው ሕዝብ ተሳዳቢዎቹ ጥቂት እንደነበሩም ጻፈ። በችሎታ ረገድ በዕለቱ ከነበሩት አጥቂዎች ሁሉ ታል ምርጡ ነበር አለ። አስተሳሰቡና አጨዋወቱ ንጹሕ ስለሆነም ኳስ ለሚጫወት ነጭ ሁሉ አርአያ ነው ሲል አወደሰው። ይህ ዘገባ ውድ ማስረጃ ነው። ልጆቹ ግን ሙገሳውንም ልብ ብለው ያንብቡት። ጋዜጠኛው የተከላከለው ከልቡ ነው፤ ጥቁሩን ለማመስገን ግን ከነጭ ጋር ማስተያየት ግድ ሆኖበታል። የዘመኑ አስተሳሰብ ደግ ሰው ላይም እንዴት እንደሚታይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

"ስለተሰደበ ተሸጠ" የሚለው ግን ሁለት ዓመትን ወደ አንድ ቀን ያጥፋል። እውነቱ ይህ ነው፦ ከብሪስቶሉ ጨዋታ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከዋናው ቡድን ወጣ፤ አብዛኛውን ጊዜ በተጠባባቂው ቡድን ተጫወተ። በአጠቃላይ ለቶተንሃም 10 የሊግ ጨዋታ አድርጎ 2 ጎል አገባ። የተሸጠው በኦክቶበር 1911 ነው። ስድቡና ከቡድኑ መውጣቱ ተከታትለው መጥተዋል። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው የሚለው ግምት ነው። ጥሩ ግምት ነው፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ያን ያህል የተወደሰ ተጫዋች በቅጽበት ከሜዳ ሲጠፋ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ሆኖም ሌላ ነገርም አለ። ቶተንሃም በዚያ ዓመት ከመውረድ የተረፈው በመጨረሻው ቀን ቼልሲን አሸንፎ ነው። የሚንገዳገድ ቡድን ደግሞ አሰላለፉን ቶሎ ቶሎ ይለዋውጣል፤ ከዓመት በፊት አማተር የነበረን ልጅም ለማስቀመጥ አያመነታም። ስለዚህ ለልጆቹ "ከዚህ በኋላ ከቡድኑ ወጣ" ይበሏቸው። "በዚህ ምክንያት" ሲሉ ግን ያ የታሪክ ጸሐፊዎች ግምት መሆኑን ይጨምሩ።

የገዛው ኖርዝሃምፕተን ታውን ነው። አሠልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ነበር፤ በኋላ ሃደርስፊልድንና አርሰናልን ታላቅ ያደረገው ሰው። ቻፕማን ራሱ በተጫዋችነት ቶተንሃም የነበረ ነው። በኖርዝሃምፕተን ታል ከአጥቂነት ወደ አማካይነት ተዛወረ። ከ100 በላይ ጨዋታ አደረገ፤ የቡድኑ ምሰሶም ሆነ። የእግር ኳስ ሕይወቱ ዋና ክፍል ይህ ነው። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ስለ ቶተንሃም ያወራል። እናንተ ግን ለኖርዝሃምፕተን የበለጠ ቦታ ስጡት። ሕዝብ ፊት ተዋርዶ፣ አንድ ደረጃ ወርዶ፣ እንደገና ራሱን የገነባ ተጫዋች ታሪክ ያለው እዚያ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በኦገስት 1914 ሲጀመር ሊጉ አልቆመም። ጋዜጣውም፣ ፖለቲከኛውም፣ ቀሳውስቱም በተጫዋቾች ላይ ተነሱ። "ጓደኞቻችሁ እየሞቱ እናንተ ትጫወታላችሁ" ተባሉ። ለዚህ ምላሽ በዲሴምበር 1914 በፉልሃም ማዘጋጃ ቤት የእግር ኳስ ተጫዋቾች ሻለቃ ተመሠረተ። ሙሉ ስሙ የሚድልሴክስ ሬጅመንት 17ኛ ሻለቃ ነው። ታል በዚያው ወር ተመዘገበ። ያኔ አስገዳጅ ምልመላ አልነበረም፤ አስገዳጁ የመጣው ከ1916 ጀምሮ ነው። ታል በፈቃዱ የሄደ ሰው ነው። አብረውት ከዘመቱት መካከል ክላፕተን ኦሪየንት ከሚባለው ሌላ የለንደን ክለብ ብቻ ሦስት ተጫዋቾች ሳይመለሱ ቀርተዋል፦ ሪቻርድ መክፋደን፣ ዊሊያም ጆናስና ጆርጅ ስኮት።

ታል ፈረንሳይ የገባው በኖቬምበር 1915 ነው። ያኔ ሃምሳ አለቃ ነበር። በሜይ 1916 አእምሮው ታወከ፤ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። የሕክምና መዝገቡ ሕመሙን ከባድ የአእምሮ መታወክ ብሎ ይጠራዋል። ዛሬ የጦርነት ድንጋጤ የምንለው ነው። ይህን ከልጆች አትደብቁ። ወላጆች "ለጀግና አይሆንም" ሊሉ ይችላሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። የመድፍ ናዳ ውስጥ ወራት ቆይቶ አእምሮው የታወከ ሰው፣ ታክሞ እንደገና መሄዱ ነው የሚገርመኝ። ከቡድንዎ ልጆች መካከልም ጦርነት አይቶ የመጣ፣ ወይም ጦርነት ያየ አባት ያለው ይኖራል። ታሪኩን በጥንቃቄ ይንገሩት፤ ግን ይንገሩት።

በሕመሙ ምክንያት ታል ፈረንሳይ ውስጥ የተካሄደው የሶም ጦርነት ጁላይ 1 ቀን 1916 ሲጀመር እዚያ አልነበረም። የተመለሰው በመከር ወቅት ነው። በ23ኛው ሻለቃ፣ ማለትም በሁለተኛው የተጫዋቾች ሻለቃ፣ የዘመቻው መጨረሻ ላይ ተዋጋ። በዲሴምበር የምሽግ ትኩሳት ይዞት እንደገና ወደ ብሪታንያ ተላከ። ሲያገግም ግን ወደ ምሽጉ አልተመለሰም፤ ስኮትላንድ፣ ጌይልስ ወደሚባል የእጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ገባ። ሜይ 30 ቀን 1917 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ጥያቄው ከሜዳሊያው ይበልጥ አስፈላጊ ነው። የመኮንንነት ማመልከቻ ቅጹ "ከንጹሕ አውሮፓዊ ዘር የተወለደ ነውን?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ደንቡ ጥቁርን በተራ ወታደርነት ይቀበላል፤ በመኮንንነት ግን አይፈልገውም። ደንቡ ሳይሻር ታል እንዴት አለፈ? አንደኛው ምክንያት የደም ሒሳብ ነው። በ1916 ወጣት መኮንኖች በብዛት አለቁ። ሠራዊቱም በዚያው ዓመት አዲስ አሠራር ዘረጋ፤ ከተራው ወታደር መካከል በአዛዦቹ የተመሰከረለትን እየመረጠ ማሠልጠን ጀመረ። ሁለተኛው ምክንያት ራሱ ታል ነው። የሚያውቁት አዛዦች ባይመሰክሩለት ማንም በሩን አይከፍትለትም ነበር። ደንቡ ወረቀቱ ላይ ቀረ፤ ሰዎቹ ግን ከጎናቸው ሲዋጋ አይተውታል።

ሆኖም እዚህም "የመጀመሪያው" አይሠራም። ጃማይካ የተወለደው ዩዋን ሉሲ-ስሚዝ በሴፕቴምበር 1914 የመኮንንነት ማዕረግ አግኝቷል፤ በኤፕሪል 1915 ተገደለ። እሱም እንደ ታል ከጥቁርና ከነጭ ዘር የተወለደ ነው። ታሪኩ በሰፊው የታወቀው በ2020 ነው፤ ለቤተሰቡ የተሰጠው የመታሰቢያ ነሐስ ለሽያጭ ሲቀርብ። ሌላው ጃማይካዊ፣ እናቱ ጥቁር የሆነችው ጆርጅ ቤማንድ፣ በሜይ 1915 የመድፈኛ መኮንን ሆነ፤ በዲሴምበር 1916 ሞተ። ቤማንድ ስለ አውሮፓዊ ዘር ለቀረበው ጥያቄ "አዎ" ብሎ ነው የመለሰው። አንድ ወጣት ሊሞት ወደሚሄድበት ለመግባት እናቱን መካድ ነበረበት። ታልን "ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር መኮንኖች አንዱ" ይበሉት። ይህን ማንም አይነቅፍም።

በኖቬምበር 1917 ሻለቃው ወደ ጣሊያን ተዛወረ። የጣሊያን ጦር በካፖሬቶ ተሸንፎ ስለነበር ብሪታንያ እርዳታ ላከች። በጃንዋሪ 1918 መጀመሪያ ሌሊት ታል የፒያቬን ወንዝ በብርድ ተሻግሮ በድንገተኛ ጥቃት ተሳተፈ። የእሱ ሥራ ዋናውን ኃይል የሚሸፍኑ 26 ወታደሮችን መምራት ነበር። በከባድ ተኩስ መካከል ወሰዳቸው፤ አንድም ሰው ሳይጎድል መልሶ አመጣቸው። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ሲድኒ ሎፎርድ ለጀግንነቱና ለእርጋታው ምስጋና ሰጡት። በ1909 ጋዜጣው ሜዳ ላይ ያየበትን እርጋታ ጄኔራሉም ምሽግ ውስጥ አዩት ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ራሳቸው እንዲያስተውሉት ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያድርጉላቸው።

ሻለቃው በማርች 1918 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ማርች 21 ቀን ጀርመኖች ታላቁን የፀደይ ማጥቃት ጀመሩ፤ ብሪታንያውያን እየተዋጉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ማርች 25 ቀን ባፖም ከተባለች ከተማ አጠገብ፣ ፋቭሪዩ በሚባል መንደር ታል በጥይት ተመታ። ዕድሜው 29 ነበር። ወታደሮቹ አስከሬኑን ሊያነሱ ሞከሩ። ከመካከላቸው አንዱ ቶም ቢሊንግሃም ነው፤ የሌስተር ፎስ ግብ ጠባቂ የነበረ። ጀርመኖች እየቀረቡ ስለመጡ አልቻሉም። ታል መቃብር የለውም። ስሙ ያለው አራስ ከተማ፣ መቃብራቸው ያልታወቀ ወደ 35,000 የሚጠጉ ወታደሮች ስም በተቀረጸበት መታሰቢያ ላይ ነው። ስለዚህ በ1916ቱ የሶም ጦርነት ተዋግቷል፤ የሞተው ግን በ1918 በሌላ ዘመቻ ነው።

አሁን ወደ ሜዳሊያው። የክርክሩ ሁሉ ምንጭ አንድ ደብዳቤ ነው። ምክትል መቶ አለቃ ፒካርድ የሚባል የጦር ጓደኛው በኤፕሪል 1918 ለኤድዋርድ ጻፈ። ታል በሻለቃው ሁሉ የተወደደ፣ ደፋርና ለሥራው ታማኝ እንደነበር፣ ሚሊተሪ ክሮስ ለተባለው የጀግንነት ሜዳሊያ በእጩነት መቅረቡንና በእርግጥም እንደሚገባው፣ ራሱም ጓደኛ ማጣቱን ገለጸ። በብዙ ቦታ ይህ ቃል የአዛዡ ነው ተብሎ ይጻፋል። አይደለም፤ ሻምበሉን ለጊዜው ይመራ የነበረ ጓደኛው ነው።

ሜዳሊያው ለምን አልተሰጠም? ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ ለሽልማት መታጨት መሸለም አይደለም። በዚያ ጦርነት ከ37,000 በላይ ሚሊተሪ ክሮሶች ተሰጥተዋል፤ ታጭተው ያላገኙም ብዙ ናቸው። ከዚያ የሞት ጉዳይ አለ። ያኔ ሰው ከሞተ በኋላ ሊታጭ የሚችለው ከሁሉ ከፍተኛ ለሆነው የጀግንነት ሜዳሊያ ለቪክቶሪያ ክሮስ ወይም በአዛዡ ሪፖርት ስሙ እንዲነሳ ብቻ ነበር። የብራድፎርድ ፓርክ አቬኒዩ ተጫዋች ዶናልድ ቤል በጁላይ 1916 ሲሞት የተሸለመው ቪክቶሪያ ክሮስ ስለሆነ ነው። የሚሊተሪ ክሮስ ደንብ የተለወጠው በ1979 ነው። ሦስተኛው ቀለም ነው። ደንቡ መኮንን ሊሆን አይገባውም የሚለውን ሰው መሸለም፣ ደንቡ ለምን እንደተጣሰ በአደባባይ መናገር ይሆን ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ወረቀቱን ሆን ብሎ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታመን ነው። የተረጋገጠ ግን አይደለም፤ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት በተቀመጠው ፋይሉ ውስጥ የእጩነት ወረቀቱ የለም። የዚያ ጦርነት የሽልማት እጩነት ወረቀቶች ደግሞ አብዛኞቹ በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ተቃጥለዋል። "በቀለሙ ምክንያት ተከለከለ" ብሎ እንደ ተረጋገጠ ነገር መጻፍ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ስለ ፊርማው ግልጽ ልሁን። ጥረቱ አዲስ አይደለም። በ2018፣ በሞተ በ100 ዓመቱ፣ ከ120 በላይ የፓርላማ አባላት በዴቪድ ላሚ አስተባባሪነት ለጠቅላይ ሚኒስትሯ ጽፈው ነበር። መንግሥት የሚመልሰው የድሮ ጉዳዮችን እንደገና አይቶ ሜዳሊያ አለመስጠትን እንደ መመሪያ ይዞ ነው። አንድን ከፈቀደ ሌሎች ሺዎች ይመጣሉ የሚል ስጋት አለበት። የእናንተ ፊርማ ይህን ግድግዳ አያፈርሰውም። መፈረም የሚፈልግ ወላጅ ይፈርም፤ መብቱ ነው። የታዳጊዎችን ዝግጅት ግን በዚያ ላይ ከገነባችሁ ልጆቹ ይዘው የሚሄዱት ያልተሰጠ ነገርን ነው። የተሰጠውን ቢያውቁ ይሻላል። በ1999 ኖርዝሃምፕተን ስታዲየሙ አጠገብ መታሰቢያ አቆመለት። በ2017 በዚያው ከተማ ሐውልቱ ተተከለ። በ2018 ምስሉ በብሪታንያ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ።

ምክሬ ይህ ነው። ዝግጅታችሁን በሦስት ጽሑፎች ላይ ብቻ አቁሙ፦ የ1909ኙ የብሪስቶል ዘገባ፣ ስለ አውሮፓዊ ዘር የሚጠይቀው ቅጽ፣ የፒካርድ ደብዳቤ። ለእያንዳንዱ አንድ ልጅ ይመድቡ፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያንብበው። የዘር ስድብ ቃሉን ራሱን ለማንም ልጅ አያስነብቡ፤ አስፈላጊ አይደለም። ፖስተሩ ላይ እንዲህ ቢጻፍ እስማማለሁ፦ "ዋልተር ታል፣ ከ1888 እስከ 1918። ያለ ወላጅ አደገ። ለቶተንሃምና ለኖርዝሃምፕተን ተጫወተ። ደንቡ ጥቁር መኮንን አይፈልግም ነበር፤ እሱ ግን መኮንን ሆነ። ጣሊያን ውስጥ 26 ወታደሮችን ይዞ ሄዶ ሁሉንም መለሰ። ጓደኛው ሚሊተሪ ክሮስ ይገባው እንደነበር ጻፈ።" እዚህ ውስጥ በፍለጋ የሚወድቅ ዓረፍተ ነገር የለም። የ14 ዓመት ልጅ በስልኩ ያረጋግጠዋል፤ ያነበበውም ከነገራችሁት ጋር ሲገጥም እናንተን ያምናል።

ጉዞ ካሰባችሁ አራስን ለሌላ ዓመት አቆዩት። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚሄዱ ልጆች ለፈረንሳይ ቪዛ ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ጥቂቶቹን ትቶ መሄድ ደግሞ ቡድኑን ይከፍለዋል። ዘንድሮ ፎክስተን ይሂዱ። ከለንደን በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ስሙም በከተማዋ የጦር መታሰቢያ ላይ አለ። ለዚያም ጊዜ ከጠበበ ቶተንሃም ይበቃል። ታል ይኖርበት የነበረው ኖርዘምበርላንድ ፓርክ የተባለው መንገድ ከስታዲየሙ በእግር ቅርብ ነው። ከልጆቹ ወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድመው ይሰብስቡ፤ የቡድን ቲኬትም ቶሎ ይያዙ።